ጥቅስ ለግድግዳ ወይስ ለሕይወት? ለካቴኪስቶችና ለምእመናን የቀረበ ትምህርት

በካዛንቺስና በቂርቆስ መካከል በሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ታክሲ የተጓዘ ሰው ጥቅስ ሳያነብ አይወርድም። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ፣ ከመስተዋቱ በላይ፣ ከበሩ አጠገብ አጫጭር ቃላት ተለጥፈው ይታያሉ። አንዱ ስለ ትዕግሥት ይመክራል፤ ሌላው ስለ መልስ ከረዳቱ ጋር እንዳንጨቃጨቅ በቀልድ ያሳስባል፤ ሦስተኛው ፈጣሪን ያመሰግናል። ከታክሲው ስንወርድ ደግሞ በፀጉር ቤቱ፣ በፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ በቢሮው ግድግዳ ሌሎች ጥቅሶች ይጠብቁናል። አሁን አሁን ከሁሉ ይልቅ የሚበዙት በእጅ ስልክ የሚላኩት ናቸው። ወጣቶቻችን ማለዳ ሲነቁ ከጸሎት በፊት «አነቃቂ ጥቅስ» ያነብባሉ፤ ለሥራ ፍለጋ ሲወጡም ያንኑ በልባቸው ይዘው ይወጣሉ።

ይህ ነገር በእኛ ሰፈር መነሣቱ ተገቢ ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ከሥራና ከሠራተኛ ጋር የተያያዘ ነውና። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረሩበት ዘመን፣ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚያሠራው መሥሪያ ቤታቸው «ኢንቺስ» በሚል አሕጽሮት ይጠራ ነበር። በዚያ አካባቢ የተሠሩት ቤቶችም «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ የከተማችን ሰው አንደበት ደግሞ ቃሉን ወደ ካዛንቺስ ለወጠው። ከዚያ ወዲህ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ፣ የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ሆቴሎቹና መሥሪያ ቤቶቹ አካባቢውን እንጀራ ፈላጊ ሁሉ የሚመጣበት ስፍራ አድርገውታል። እንግዲህ «አጭር ቃል የሰውን ሕይወትና ሥራ ሊያሻሽል ይችላልን? ከቻለስ እንዴት?» ብለን ብንጠይቅ ከራሳችን ደጃፍ መጠየቃችን ነው።

አባ፣ ቃል ስጠኝ

ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለችም። በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሓ ይኖሩ ወደ ነበሩት አባቶች የሚሄዱ ሰዎች ልማዳቸው አንድ ነበር። ረጅም ስብከት አይለምኑም፤ «አባ፣ ቃል ስጠኝ» ይላሉ። አረጋዊውም የመጣውን ሰው አይቶ፣ ድካሙንና ጠባዩን መዝኖ፣ አንዲት አጭር ቃል ይሰጠዋል። ሰውዬው ቃሉን ተቀብሎ ይመለሳል፤ የሚመለሰውም ሊሠራበት ነው። እነዚህ ቃላት ኋላ ተሰብስበው በአገራችንም በግዕዝ ተተርጉመው «ዜና አበው» በሚል ስም ገዳማቱ ሲያነብቡአቸው ኖረዋል።

ከእነዚህ አባቶች አንዱ የሆነው አባ ጳምቦ ማንበብ የማይችል ሰው ነበር ይባላል። መዝሙረ ዳዊትን ሊማር ወደ አንድ መምህር ሄደ። መምህሩም ስለ አንደበት መጠበቅ በሚናገረው መዝሙር ጀመረለት። ጳምቦ የመጀመሪያውን ቁጥር እንደ ሰማ ሁለተኛውን ሳይጠብቅ ተነሥቶ ሄደ፤ ይህን አንዱን በሥራ ለመማር ከቻልሁ ይበቃኛል አለ። ከስድስት ወር በኋላ መምህሩ ለምን እንደ ቀረ ሲወቅሰው፣ የመጀመሪያውን ገና በሥራ አልተማርሁትም ብሎ መለሰ። ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ ወዳጁ ያንን ቁጥር ተምሮት እንደ ሆነ ቢጠይቀው፣ በ19 ዓመት ውስጥ በጭንቅ ልፈጽመው ችያለሁ አለው። ይህን የጻፈልን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሶቅራጥስ ነው። በአንድ ቀን ሠላሳ ጥቅስ ተቀብለን ሠላሳውንም ለወዳጅ የምናስተላልፍ እኛ ከዚህ ሰው ጋር ብንነጻጸር ምን እንላለን?

ስለ ሥራና ስለ ሹመት ለሚያስብ ወጣት ግን ከጳምቦ ይልቅ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዛቪየር ታሪክ ይቀርባል። ፍራንቸስኮስ ከናቫር መሳፍንት ወገን የተወለደ፣ በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ1530 የማስተርነት ማዕርግ ተቀብሎ ፍልስፍና ማስተማር የጀመረ ሰው ነበር። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ በዕውቀቱ ከፍ ያለ ስፍራ ማግኘት። በሳንት ባርብ ኮሌጅ ከእርሱ ጋር በአንድ ክፍል ያደር የነበረው ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ግን፣ ዓለምን ሁሉ አትርፎ ነፍሱን ስለሚያጐድል ሰው ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል 16፥26 የጠየቀውን ጥያቄ ደጋግሞ ያነሣበት ነበር ይባላል። ፍራንቸስኮስ መጀመሪያ ፌዘኛ ነበር፤ ቃሉም ወዲያው አልገባለትም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 ቀን 1534 በሞንማርትር ከኢግናጥዮስና ከሌሎቹ ጓደኞቹ ጋር ስእለቱን ፈጸመ፤ በኋላም እስከ ህንድና እስከ ጃፓን ወንጌልን ሰብኮ እ.ኤ.አ. በ1552 በቻይና በር ላይ ዐረፈ።

ከዚህ ታሪክ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ፍራንቸስኮስን የለወጠው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አልነበረም። ቃሉን የነገረው አብሮት የሚኖር፣ ሲቸግረው የረዳው፣ ተማሪ የሚሆን ሰው ሲያጣ ተማሪ ፈልጎ ያመጣለት ወዳጅ ነበር። ደግሞም ዕውቀቱን አላስጣለውም፤ የት ሊያውለው እንደሚገባ አሳየው እንጂ።

የአባቶቻችን መዝገብ

አነቃቂ ጥቅስ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ነገር የሚመስላቸው አሉ። እንደዚያ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አባ ሚካኤል የተባሉ ሰው «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን» የሚባለውን የጥበበኞች ቃል ስብስብ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መልሰውታል። በውስጡም በሶቅራጥስ፣ በአፍላጦን፣ በአርስጣጣሊስ፣ በሰሎሞንና በሌሎች ስም የተጠሩ ምክሮች ተሰብስበዋል። ይህን መጽሐፍ በዘመናችን ለዓለም ያስተዋወቁት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፕሮፌሰር አባ ክሎድ ሰምነር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ አገራችን መጥተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ ሲሆን፣ ስለዚህ መጽሐፍ የጻፉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1974 አሳትመዋል። በኋላም ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ምሳሌያዊ አነጋገሮች ጥናት ተሻግረዋል። ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። አባ ክሎድ ደጋግመው የሚያስገነዝቡት አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም የኢትዮጵያ ተርጓሚ የሰማውን ቃል እንዳለ እንደማይቀዳ፣ ይልቁንም እየጨመረና እየቀነሰ ለራሱ ሕዝብ ኑሮ እንደሚያስማማው ነው። ለካቴኪስት ይህ ታላቅ ትምህርት ነው።

ከመጽሐፉ ሌላ በየቤታችን የሞላ የቃል መዝገብ አለን። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን እናንሣ። ጥምጥም የካህንና የሊቅ ምልክት ነው፤ ምልክቱን ከመልበስ በፊት ዕውቀቱን መያዝ ይገባል ማለት ነው። በሦስት ቃላት የተነገረ ሙሉ የሥራ መመሪያ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል እናድርግ፦ እንቁላሉ በራሱ አልሄደም። ዶሮዋ 21 ቀን ታቅፋዋለች። ምሳሌው ዶሮዋን አላነሣም፤ እኛ ግን ልናነሣት ይገባል። በራሱ ጥረት ብቻ ለዚህ ደረስሁ የሚል ሰው የታቀፈችውን እናቱን፣ የዕቁብ ጓደኞቹን፣ መምህሩንና ዕድሩን ዘንግቷል።

ሁሉም ጥቅስ መልካም አይደለም

አንዳንድ ካቴኪስቶች «የአበው ቃል ነውና እውነት ነው» ብለው ሲያስተምሩ እንሰማለን። በዚህ አንስማማም። አንድ ቃል ማርጀቱ ቅዱስ አያደርገውም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ማን ነው? ይህም ስለ ሥራ ዕድገት የተነገረ ጥቅስ ነው። ምጣኔው ያማረ፣ ለአፍ የሚጣፍጥ፣ በቀላሉ የሚታወስ ነው። ትምህርቱ ግን ሰባተኛውን ትእዛዝ የሚያፈርስ ነው። አንድ ወጣት መዝገብ ቤት ሲቀጠር፣ ወይም የግዢ ሠራተኛ ሆኖ ሲሾም፣ ይህን ቃል የሚሹክበት ሰው አያጣም። ብዙ ጊዜም የሚሹከው ዘመድ ነው፤ እየሳቀ ነው፤ ወጣቱ እንዳይጐዳ አስቦ ነው። እንዲህ ያለው ጥቅስ ከመቶ ስብከት ይልቅ ኃይል አለው፤ ምክንያቱም እንደ ቀልድ ይገባና እንደ ሕግ ይቀመጣል።

ከዚህም የከፋ ጉዳት ያደረሱ ቃላት ነበሩ። ብረት የሚቀጠቅጠውን «ቡዳ»፣ ሸማ የሚሠራውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ» እያለ ሲሰድብ የኖረው ሕዝባችን በእነዚህ አጫጭር ቃላት ስንት ባለሙያ አሳፈረ፤ ስንቱንስ ልጅ ከአባቱ ሙያ አሸሸ! ነገሩ የመንግሥት ጉዳይ እስከ መሆን ደርሶ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን ስለ ሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ወጣ እንጂ ቃላቱ ወዲያው አልጠፉም፤ በቤታችን ስንፈትሽ ርዝራዣቸው ዛሬም ይገኛል። ልጁ የቧንቧ ወይም የእንጨት ሥራ ሲማር የሚያፍር አባት፣ ልጁ ግን ያለ ሥራ ክራባት አስሮ ሲውል የማያፍር አባት፣ ከእነዚህ ቃላት ነፃ ወጥቷል ልንል አንችልም።

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ስለ ገበሬው፣ ስለ ቀራጩ፣ ስለ ብረት ሠሪውና ስለ ሸክላ ሠሪው የሚናገረውን ካቴኪስቶች ሁሉ ለወጣቶች እንዲያነብቡላቸው እንመክራለን። ጠቢቡ እነዚህ ሰዎች በሸንጎ እንደማይቀመጡ አይደብቅም፤ ከተማ ግን ያለ እነርሱ እንደማትቆም ይመሰክራል፤ የእጃቸውን ሥራም ከጸሎት ጋር ያገናኘዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1955 የሠራተኛውን የቅዱስ ዮሴፍን በዓል በሜይ 1 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ 23፣ እንዲከበር ሲያደርጉ ይኸው ነበር አሳባቸው። በወጣትነታቸው በክራኮቭ በድንጋይ ማውጫና በፋብሪካ የሠሩት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም፣ ስለ ሰው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት የሥራ ክብር የሚለካው በሥራው ዓይነት ሳይሆን ሠሪው ሰው በመሆኑ እንደ ሆነ አስተምረዋል።

ቃል በጊዜው

መልካም የሆነው ጥቅስ እንኳ ያለ ጊዜው ከተነገረ ያቈስላል። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 26 ለሰነፍ ስለ መመለስና ስላለመመለስ ሁለት ተቃራኒ ምክሮችን ጐን ለጐን አስቀምጧል። ይህ የጸሐፊው ስሕተት አይደለም፤ አንባቢው ራሱ እንዲመዝን ነው። በእኛም ዘንድ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውና «ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» የሚለው በአንድ ቤት ይኖራሉ። የትኛው ለዛሬ፣ የትኛው ለዚህ ሰው እንደ ሆነ የሚያውቀው ሰውዬውን የሚያውቀው ብቻ ነው።

የኢዮብን ወዳጆች እናስብ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ከሥራቸው ሁሉ የተሻለው ይህ ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ የተናገሩት ብዙው በራሱ እውነት የሆነ የጥበብ ቃል ነው፤ ብዙው በሌላ ስፍራ ቢነገር ያማረ ነበር። ነገር ግን ንብረቱንና ልጆቹን ላጣ ሰው ተነገረ፤ እግዚአብሔርም በመጨረሻ ተቈጣቸው።

ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አሮጌ መንደሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዪቱ ዳርቻዎች ተዛውረዋል። የአዲሱን ቤት ንጽሕና የሚያመሰግኑ አሉ፤ የቀድሞ ጐረቤታቸውንና ገበያቸውን የሚናፍቁም አሉ፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ልብ ሲገኙ አይተናል። አሁን አንዲት እናት እናስብ። በካዛንቺስ ደጃፏ ላይ ቡና እያፈላች ልጆቿን ታስተምር ነበር እንበል። ደንበኞቿ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ሠራተኞች ነበሩ። ዛሬ ቤት አላት፤ ደንበኛ ግን የላትም። ወደ እርሷ የሄደው ካቴኪስት ገና ከመቀመጡ «እማማ፣ ሁሉም ለበጎ ነው» ቢላት ምን ያህል እንደሚያርቃት ይገምት። ቃሉ ሐሰት ነው አንልም። ሊናገረው የሚገባው ግን እርሷ ናት፤ ምናልባት ከዓመት በኋላ። ካቴኪስቱ በመጀመሪያ ቡናዋን ይጠጣ። ልጆቹ የት እንደሚማሩ፣ ዕድሩ እንዴት እንደ ሆነ፣ በአዲሱ ሰፈር ማለዳ ሰው የሚበዛበት ቦታ የት እንደ ሆነ ይጠይቅ። ስትናገር ከአፏ የሚወጣ ምሳሌ አይጠፋም። እንግዲያውስ ያንን የራሷን ቃል ያንሣና በእርሱ ላይ አብረው ያስቡ።

የተናጋሪው ስም

ስለ አንድ ነገር በአጭሩ እናሳስብ። ዛሬ በስልክ የሚዞሩ ጥቅሶች ብዙዎቹ የተሳሳተ ስም ተሸክመዋል። ከሁሉ ይልቅ የምንፈራው የራሳችንን ታላቅነት ነው የሚል አሳብ ያለው የታወቀ ንግግር በየሥልጠናው «ኔልሰን ማንዴላ በ1994 በዓለ ሢመታቸው የተናገሩት» ተብሎ ይነበባል። ማንዴላ ግን አልተናገሩትም፤ ማርያን ዊልያምሰን የተባለች አሜሪካዊት ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ የሚገኝ ነው። እኛም ከዚህ ነፃ አይደለንም። የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ ጸሎት ተብሎ በዓለም ሁሉ የሚዘመረው የሰላም ጸሎት ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1912 በፓሪስ በአንድ አነስተኛ የፈረንሳይኛ መጽሔት ላይ፣ ያለ ደራሲ ስም ነበር። ጸሎቱ በዚህ ምክንያት አይረክስም፤ ካቴኪስት ግን ያላረጋገጠውን ስም ባይጠራ ይሻላል። «እንዲህ ይባላል» ማለት አያሳፍርም።

በቁምስና እንዴት እንጠቀምበት?

ለወጣቶች ማኅበር ወይም ለሠራተኞች ስብሰባ የሚሆነው መንገድ ብዙ ዝግጅት አይጠይቅም። ለእያንዳንዱ ተሳታፊ አንድ ደብተር ይበቃል። ለአንድ ወር አንድ ቃል ብቻ ይመረጥ፤ ከቅዱስ መጽሐፍ ወይም ከምሳሌያችን። በመጀመሪያው ስብሰባ ቃሉ ማን ለማን እንደ ተናገረው፣ ምን እንደሚያዝዝ፣ ከወንጌል ጋር የሚስማማ ወይም የሚጋጭ መሆኑን ይነጋገሩበት። «ሲሾም ያልበላ» የሚለውን ዓይነት ቃል አንዳንድ ጊዜ ሆን ብሎ ማቅረብ ይጠቅማል፤ ወጣቶቹ ራሳቸው እንዲያርሙት፣ በምትኩም ሌላ ቃል እንዲፈልጉ። ክርክሩ ሲሞቅ ካቴኪስቱ አያቋርጥ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቃሉን ወደ ራሱ ሥራ ያወርደዋል። በካዛንቺስ ባለ ሆቴል በእንግዳ መቀበያ የምትሠራ ወጣት «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ደረሳት እንበል። የምትመኘው የክፍል ኃላፊነት ነው። በደብተሯ ገጽ ላይ ቃሉን ትጻፍ። ከበታቹ አሁን ያለችው ኃላፊ የምትሠራውን፣ እርሷ ግን የማትችለውን ትዘርዝር፦ የወሩን ሒሳብ መዝጋት፣ ለተቈጣ እንግዳ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ መጻፍ፣ የሠራተኞችን ተራ ማውጣት። ከሦስቱ አንዱን ትምረጥ፤ ሦስቱንም አትጀምር። ሒሳቡን መረጠች እንበል። ማን ሊያሳያት ይችላል? ምናልባት ሒሳብ ክፍል ያለ ባልደረባ፣ ወይም በቁምስናው ያሉ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ። በየትኛው ቀን ትጠይቃቸዋለች? ቀኑን ትጻፍ። ቀን ያልተጻፈለት ውሳኔ ምኞት ሆኖ እንደሚቀር ሁላችንም እናውቃለን።

ሥራ አጥ ለሆነ ወንድም ደግሞ ሥርዓቱ ጥቂት ይለያል። ለእርሱ «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» የሚለውን በፌዝ መጥቀስ ክልክል ይሁን። ከቃሉ በፊት ተሳታፊዎቹ የሚያውቁትን የሥራ ማስታወቂያ፣ የሚያውቁትን ቀጣሪ፣ ማመልከቻውን የሚያርምለትን ሰው ያቅርቡለት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው የሚነበበው ሎሚዎቹን ከተከፋፈሉ በኋላ ነው።

ደብተሩ ከባለቤቱ ጋር ይቀመጣል፤ ካቴኪስቱ አይሰበስበውም፤ በፊት ለፊት ቆሞ እንዲነበብም አያስገድድም። በሁለተኛው ወር ስብሰባ ከጸሎት በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄ «ምን ሠራችሁበት?» የሚል ነው። መናገር የፈለገ ይናገር። ምንም ያልሠራበት ደግሞ እንደ አባ ጳምቦ ያንኑ ቃል ይዞ ለሚቀጥለው ወር ይመለስ፤ አዲስ ቃል አይጨመርለት።